አምባዛ ቢራ ነው ብለው ለወሰኑልን ክቡር ኃላፊ

ለንግድ ስምና ምልክት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዓሣን በስሙ ለመጥራት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን እንዳለ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የእርስዎ ጤና ለእኛ ለነጋዴዎቹ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ቀን እንኳ አሞዎት ከቢሮ ቢቀሩ ምኑ ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚወስንልን ሰው አጥተን ገበያው ሁሉ ስም አልባ ሆኖ ይውላል። ስለዚህ ፈጣሪ ዓይንዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ጨጓራዎን እንዲጠብቅልኝ ጠዋት ማታ እጸልያለሁ። ጨጓራዎን ለይቼ ያነሣሁበትን ምክንያት ከደብዳቤው ግርጌ ያገኙታልና፣ እስከዚያው ሳይቸኩሉ፣ ቢቻልም ምሳዎን ሳይበሉ፣ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

እኔ በሐይቁ ዳር ባለው የገበያ አዳራሽ፣ በዋናው በር ሲገቡ በስተቀኝ ሦስተኛው የሲሚንቶ ጠረጴዛ ላይ ዓሣ የምሸጥ ሴት ነኝ። ማመልከቻ መጻፍ የቸገረው የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ስለሚመጣ «ጸሐፊዋ» ይሉኛል። እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው ማመልከቻዎች አብዛኞቹ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ እንደተኙ ስለማውቅ፣ ይህኛውን እንቅልፍ እንዳይወስደው ብዬ በአደባባይ ጽፌዋለሁ፤ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከአዳራሹ ጀርባ የነበረውን አሮጌ የበረዶ ማከማቻ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ተከራይቶ ቢራ መጥመቅ ጀመረ። የፋብሪካ ቢራ አይደለም፤ በትንንሽ በርሜል፣ በእጅ፣ «በፍቅር» የሚጠመቅ ቢራ ነው ይላል፤ ፍቅሩ ምን ምን እንደሚሸት በኋላ እነግርዎታለሁ። ይህ ጠማቂ ገና በርሜሎቹን ከመኪና ሳያወርድ ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ፣ ከራሴ በላይ የተሰቀለውን የእንጨት ሰሌዳ ፎቶ አነሣ። ሰሌዳው ላይ አባቴ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በተረፈ የጀልባ ቀለም የጻፋቸው አራት ስሞች አሉ፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ፣ ነጭ ዓሣ። ከየስሙም ጎን የዓሣው ሥዕል አለ። ልጁ የእያንዳንዱን ጠባይ ጠየቀኝ፤ እኔም፣ ምላሴን በቆረጠው፣ ቆሮሶ ለስላሳ፣ አምባዛ ጭቃ ወዳድ፣ ቢልጫ እሾኻም እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳሁት። በሁለተኛው ወር ሦስት ቢራዎች ወጡ። አንዱ ቆሮሶ፣ አንዱ አምባዛ፣ አንዱ ቢልጫ ይባላል።

ከዚያ እርስዎ ስሞቹን ለልጁ መዘገቡለት። ከሦስት ወር በፊት ደግሞ እነዚህን ስሞች «ለሽያጭ በሚቀርብ ማናቸውም ምግብና መጠጥ ላይ» መጠቀም እንደተከለከልኩ የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ሰሌዳዬ ላይ ያሉት ሦስቱ ስሞችም «ታግዷል» በሚል ማኅተም ባለበት ወረቀት እንዲሸፈኑ አደረጉ። አሁን በመጨረሻው ማስጠንቀቂያዎ፣ ስሞቹን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በነጭ ቀለም ካላጠፋሁ ጠረጴዛዬ እንደሚታሸግ አሳውቀውኛል። ዛሬ አሥረኛው ቀን ነው። በቀሩኝ አምስት ቀናት ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ውሳኔው ጥበብ።

ውሳኔዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስቱም እጄን ባፌ ጫንኩ። እገዳው ያስፈለገው «ቢራ የጠየቀ ሸማች ዓሣ፣ ዓሣ የጠየቀም ቢራ እንዳይሰጠው» መሆኑን ገልጸዋል። በእርግጥ ሥጋት ነው። በዚህ ጠረጴዛ ላይ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድ ኪሎ ዓሣ ገዝቶ የጠርሙስ መክፈቻ የጠየቀኝ ሰው ባይኖርም፣ አንድ ቀን ሊመጣ ይችላልና ቀድመው ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። በተጨማሪም የምዝገባው ማስታወቂያ በመሥሪያ ቤትዎ ኮሪደር ላይ ለሠላሳ ቀናት ተለጥፎ «ተቃውሞ ያቀረበ ወገን አልተገኘም» ብለዋል። እውነት ነው፤ ዓሦቹ አልመጡም። ሁለተኛ ፎቅ መሆኑ አስቸግሯቸው ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ለልጁ የከለከሉት አራተኛው ስም ነው። «ነጭ ዓሣ» የሚል ቢራም ሊያወጣ አመልክቶ ነበር፤ እርስዎ ግን «ዓሣ» የሚለው ቃል ጠጪውን ያሳስታል፣ አምራቹ በቢራዎቹ ውስጥ ምንም ዓይነት የዓሣ ይዘት እንደሌለ በፊርማው አረጋግጧል፣ ስለዚህ ስሙ አይመዘገብም ብለው ወሰኑ። ይህን ውሳኔ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ። የጠጪውን ሆድ ይህን ያህል የሚያከብር ኃላፊ ከየት ይገኛል?

ሁለተኛ፣ ስለ ሽታው።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ዓሣ ሻጭ ነኝ፤ ሽታ አልፈራም። እጄ በሎሚም በሳሙናም ታጥቦ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ባሌም ለምዶታል። ነገር ግን ልጁ የጠመቀበትን የገብስ አተላ ከአዳራሹ በስተጀርባ፣ ከእኔ ጠረጴዛ በስተኋላ ባለው ቦይ ላይ ስለሚደፋው፣ ፀሐይ ሲነካው የሚወጣው ነገር ሽታ አይባልም። ያደረ እግር ሹራብ ከኮመጠጠ ሊጥ ጋር ተቀቅሎ እንደማለት ነው። ትል ይወጣዋል፤ ትሉ ነጭ ነው፤ ሲርመሰመስ ቦዩ ራሱ የሚሄድ ይመስላል። ደንበኞቼ አፍንጫቸውን ይዘው «ዓሣሽ ከረመ እንዴ?» ይሉኛል። ከሐይቁ ከወጣ ሁለት ሰዓት ያልሞላውን ዓሣ ስንጥቡን ገልጬ፣ ቀዩን እያሳየሁ፣ ስምል እውላለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ጠጪዎቹ ይወጣሉ። ከቢራ ቤቱ ወደ መንገድ ለመሄድ አቋራጩ በእኛ አዳራሽ ውስጥ ነው። አንዱ የሚዛኔ ሰሐን ላይ ይተፋል፤ ሌላው የነጭ ዓሣን ጭንቅላት አንሥቶ ከጓደኛው ጋር ፎቶ ይነሣና ጭንቅላቱን መሬት ጥሎት ይሄዳል። ባለፈው ዓመት ሰኔ፣ ከረባት ያሰረ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ አንድ ሰው ደጋግሞ እያገሳ መጥቶ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር ያለውን ሰማያዊ ባልዲ በሁለት እጁ አቅፎ፣ አንገቱን እስከ ከረባቱ ቋጠሮ ከትቶ፣ የጠጣውን ሁሉ መለሰው። ሲጨርስ አፉን በእኔ ሽርጥ ጠርጎ «ይቅርታ እናቴ፣ ቢልጫው ነው» አለኝ። የእናቱ እኩያ አይደለሁም። ያም ሆኖ ሽርጤን አጠብኩ፤ ባልዲውንም አለቀለቅኩ።

ይህችን ሰማያዊ ባልዲ በክፉ እንዳይመለከቷት እለምናለሁ፤ የጥሩ ጉርብትናችን ምልክት ናት። ዓሣ ሲከፈት ከአከርካሪው ሥር አየር የያዘች ነጭ ከረጢት ትገኛለች፤ ሌላው ሻጭ ከሆድ ዕቃው ጋር ቀዶ ይጥላታል። አባቴ ግን ሳትበጣ በአውራ ጣት ጥፍር ከጫፏ አስለቅቆ፣ ጠቅልሎ፣ ሙሉዋን ማውጣት አስተምሮኛል፤ ጫፏ ላይ ሁልጊዜ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የጥፍር ምልክት ትቀራለች። ጠማቂው ይህን አይቶ፣ «ለአበቦቼ ማዳበሪያ ይሆነኛል፣ የአንቺ ደግሞ አይቀደድም» ብሎ ስለጠየቀኝ፣ የሳምንቱን እያጠራቀምኩ ሐሙስ ሐሙስ በዚያች ባልዲ ስሰጠው ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። ለአበባ ማን ይሰስታል?

ሦስተኛ፣ ስለ ጠርሙሱ ጽሑፍ።

እኔ ዓሣዬ ጭቃ ጭቃ ይላል ብዬ ሰሌዳ ላይ ብጽፍ የጤና ቁጥጥር በማግስቱ ይመጣብኛል። አምባዛ የተባለው ቢራ ጠርሙስ ላይ ግን «የሐይቁ ወለል ጥልቅ የጭቃ መዓዛ፣ በኋላም ቀስ ብሎ የሚመጣ የረጠበ ድንጋይ ጣዕም» ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። ሰው ይህን አንብቦ ይገዛዋል፤ ገዝቶም ዓይኑን ጨፍኖ ይመጠዋል። እኔም ባለቤቴ እየሳቀብኝ አንድ ጊዜ ቀመስኩት። ጽሑፉ አልዋሸም፤ ጭቃውንም ድንጋዩንም አግኝቻለሁ፤ አፌን እስኪመሽ ስጉመጠመጥ ዋልኩ። ዘመኑ ቀምሰው የተፉትን ነገር አድንቀው የሚከፍሉበት ከሆነ የእኔ ምላስ ኋላ ቀር ነውና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እርስዎ ግን ዘመናዊ ነዎት። በቢራ ቤቱ የአንደኛ ዓመት በዓል ላይ በክብር እንግድነት ተገኝተው፣ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው «እንደ መስታወት የጠራ!» ሲሉ የተነሡት ፎቶ በመግቢያው ላይ በትልቁ ተሰቅሏል። ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። ያምርብዎታል።

አራተኛ፣ ታዛዥ ለመሆን ስላደረግሁት ጥረት።

ስሞቹ በተሸፈኑ ሰሞን እኔ ነገር አልወድምና በካርቶን ላይ በጠመኔ ሌላ ስም ጻፍኩ፤ አምባዛን፣ ሪዝ ስላለው፣ «ጢሞ» አልኩት። ደንበኞቼ ወደዱት። በስድስተኛው ሳምንት ከጀርባችን አዲስ ቢራ ወጣ፤ ስሙም ጢሞ ነው፤ በመሥሪያ ቤትዎ ተመዝግቧል። ካርቶኑን ጣልኩት። አሁን ዓሦቼን በቁጥር እሸጣለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በመሆኑም አዳራሹ ውስጥ «ሁለት ኪሎ ቁጥር ሦስት፣ ግማሽ ኪሎ ቁጥር አንድ» ሲባል ይውላል፤ ያየን እንግዳ ዕጣ የምናወጣ ይመስለዋል። አንዲት ጡረተኛ መምህርት ደግሞ ቁጥሩ አልገባ ስላላቸው ግራ ቀኝ ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ፣ ጆሮዬ ሥር ገብተው፣ «ቆሮሶ አለሽ?» ይሉኛል። እኔም በሹክሹክታ አለ እላለሁ፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ በጓሮ በኩል እሰጣቸዋለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ልጆች ያስተማሩ ሴት ዓሣ ለመግዛት እንደ ሌባ ይሸማቀቃሉ። ወረቀቱን የለጠፉት የመሥሪያ ቤትዎ ተቆጣጣሪም ቢሆኑ ደግ ሰው ናቸው፤ ማኅተሙን ለጥፈው ከወንበሩ ሲወርዱ «እኔ የታዘዝኩትን ነው፣ አትቀየሚኝ እህቴ» ካሉኝ በኋላ፣ ትንሽ አስበው፣ «እስቲ ከዚያ ከታገደው አንድ ኪሎ መዝኝልኝ» አሉኝ። መዘንኩላቸው።

አምስተኛ፣ ስለ አባቴ።

ይህን ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሐይቁ ላይ የኖረ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት በዚያ ሰሌዳ ላይ የዓሦቹን ስም ያስነበበኝ እሱ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ነገር ይጠፋበታል። የበላውን ይረሳል፤ ቤቱን ይረሳል፤ እኔን በሟች እህቱ ስም ይጠራኛል። ሐኪሙ የሚያስታውሰውን ነገር በየቀኑ አሳዩት ስላለን፣ ጠዋት ጠዋት ወደ አዳራሹ አመጣውና የተገለበጠ ሣጥን ላይ ከሰሌዳው ፊት ለፊት አስቀምጠዋለሁ። ከላይ ወደ ታች፣ ጣቱን እያንቀሳቀሰ፣ ጮክ ብሎ ያነባል። ቆሮሶ። አምባዛ። ቢልጫ። ነጭ ዓሣ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ ይመለሳል፤ ወደ እኔ ዞሮ «ልጄ፣ ዛሬ ነፋሱ ከወዴት ነው?» ይለኛል። አንዳንዴ ለአንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ዓሣውን ሸጬ እስክጨርስ፣ አባት ይኖረኛል። ቀኔ በዚያች ጥያቄ ነበር የሚጀመረው።

ወረቀቱ በተለጠፈ ማግስት እንደ ልማዱ ተቀምጦ አነበበ። ታግዷል። ታግዷል። ታግዷል። ነጭ ዓሣ። ጣቱ አየር ላይ ቆመ። ብዙ አሰበና፣ እንግዳ ሰው እንደሚጠይቅ በትሕትና፣ «እህቴ፣ ይሄ ታግዷል የሚሉት ምን ዓይነት ዓሣ ነው? እኔ አጥምጄው አላውቅም» አለኝ። ስሞቹን በአፌ ነገርኩት፤ ዓሦቹን አንሥቼ አሳየሁት፤ «የተጻፈው እንደሱ አይልም» አለኝ። ለአንድ ሳምንት ተጠራጠረ። ከዚያ ለመደው። አሁን ሦስቱን ስሞች ብጠይቀው አያውቃቸውም፤ ታግዷልን ግን በቃሉ ይወጣዋል፤ ስለ ነፋሱም ከጠየቀኝ ሦስት ወር አለፈ። እርስዎ ስሞቹን ከሰሌዳ ላይ ያነሡ መስሎዎታል፤ ያነሡት ግን ከአባቴ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ እዚያ ውስጥ የቀሩትም እነሱ ብቻ ነበሩ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ያደረጉት ጭቃ ጭቃ ለሚል መጠጥ ስለሆነ ተጸየፍኩዎት። ሌላ የጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁለት።

ስለዚህ ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም፤ ርዕሱ ላይ ያልኩትን ይተዉት። ነገ ጠዋት አባቴን ከማምጣቴ በፊት፣ ቅርፊት በምፍቅበት ቢላዋ ሦስቱን ወረቀቶችዎን እፍቃቸዋለሁ። ማኅተምዎ እንዳይበላሽ ተጠንቅቄ በፖስታ እመልስልዎታለሁ። በአምስተኛው ቀን ማሸጊያዎን ይዘው ይምጡ፤ ጠረጴዛው ሲሚንቶ ነው፣ አይሸሽም፤ ያሽጉት። ሰሌዳውን ግን ነቅዬ ወደ ቤት እወስደዋለሁ፤ ከአባቴ አልጋ ፊት ለፊት እሰቅለዋለሁ። እዚያ ለሽያጭ የሚቀርብ ምግብም መጠጥም የለም። ዓሣ መሸጤ ይቅርብኝ፤ ስሞቹ እንዲመለሱለት አምስት ቀን ይበቃው እንደሆነ እሱን ብቻ ልወቅ።

ጊዜዎን ስላጠፋሁ በድጋሚ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለቢራም ለዓሣም ለሰውም ስም የማደል ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ መሳቢያዎም እንዲሰፋ፣ የሚያንቀላፉ ማመልከቻዎችም ሕልማቸው እንዲያምር እየተመኘሁ እሰናበትዎታለሁ።

እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ታዛዥዎ፣
የሦስተኛው ጠረጴዛ ዓሣ ሻጭ፣
የቁጥር አንድ፣ የቁጥር ሁለትና የቁጥር ሦስት ባለቤት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ ሰሌዳውን እንዲተውልኝ ጠማቂውን ልለምነው ወደ ቢራ ቤቱ ገብቼ ነበር። «እኔ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ ቢሮው ነው» ብሎኝ ውሃ ሊያመጣልኝ ሲሄድ፣ ከበርሜሎቹ ኋላ በተዘረጋ ሽቦ ላይ ነጫጭ ነገር ተሰጥቶ አየሁ። የሕፃን ካልሲ መስሎኝ ነበር። ቀረብ ስል የነጭ ዓሣ የአየር ከረጢቶች ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ጫፍ ላይ የግማሽ ጨረቃ የጥፍር ምልክት አለ። የእኔ ጥፍር ነው። አበባ ግን በግቢው ውስጥ አንድም የለም። ልጁ አፍሮ እንዳስረዳኝ፣ ከረጢቱ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በአሲድ ሟሙቶ በርሜሉ ውስጥ ሲጨመር ድፍርሱን ሁሉ ይዞ ወደ ታች ይወርድና ቢራውን ያጠራዋል፤ የአሮጌ ጠማቂዎች ዘዴ ነው አለኝ። ክቡርነትዎ «እንደ መስታወት የጠራ!» ብለው ያነሡት ብርጭቆ፣ ዓሣ የለበትም ተብሎ የተፈረመለት ብርጭቆ፣ የጠራው በእኔ ነጭ ዓሣ ነው፤ ስላሞገሱኝ አመሰግናለሁ። ለማስረጃ እንዲሆን አንድ ከረጢት በላስቲክ አሽጌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሌላው ጉዳይ ያቺ ሰማያዊ ባልዲ ናት። ባለ ከረባቱ ሰው አንገቱን የከተተባት ቅዳሜ ነበር፤ የሳምንቱን ከረጢት በእሷ የሰጠሁት በቀጣዩ ሐሙስ ነው፤ እርስዎ በበዓሉ ላይ ብርጭቆውን ያነሡት ደግሞ በወሩ። ለአበባ ነው ስለተባልኩ በአንድ ውሃ ብቻ ነበር ያለቀለቅኳት። ጨጓራዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።